የቆጣሪዋ እንግዶች

አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነውን ሰውዬ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከአልጋ አንጣፊዎቹ እስከ ተራ አስከባሪዎቹ ድረስ፣ «ጋሼ ይሻላል» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። አንድ መንገደኛ ሻንጣውን መሬት ሳያስነካ «እዚህ አገር የት ይበላል? ምንስ ይታያል?» ብሎ ከጠየቀው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀል አድርጎ ጣሪያውን ጥቂት ያይና «ለዛሬ ሾርባ ይሻላል» ይላል። «ከሾርባው በኋላ ከመተኛት ደግሞ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከተማዋን ማየት ይሻላል። ጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ፤ ጠዋት ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች።» መንገደኛው እንደተባለው ይሄዳል፣ ይበላል፣ ያያል። በማግሥቱ ቁልፉን ሲመልስ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ይጨብጣል።

ከተማዋ ትልቅም ትንሽም አይደለችም። ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፍ ሰው ሲመሽበት የሚያድርባት ዓይነት ናት። ፎቶዋን አትሞ የሚሸጥ የለም። እንዲህ ያለች ከተማ የሚበላና የሚታይ ነገር እንዳላት የሚናገርላት ሰው ካላገኘች፣ እንግዳው ግድግዳ እያየ አድሮ ግድግዳ እንዳየ ይሄዳል።

እንግዲህ የሰውዬውን ገመና ላወጣ ነውና ይቅር ይበለኝ። ጋሼ ይሻላል ከተማዋን አያውቃትም። ከቤቱ ወደ ሆቴሉ የምትወስድ አንድ መንገድ አለች፤ እሷን ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድባታል። ከእሷ አንድ መታጠፊያ ወጣ ካለ ግን ይጠፋል። ደግሞ ከቤቱ ውጭ በልቶ አያውቅም። ሰው ፊት ማኘክ ያፍራል። ምሳውን እንኳ የሚበላው ከሪሴፕሽኑ ኋላ፣ ትርፍ ብርድ ልብስ የሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ እውቀት ከየት መጣ? ከሚስቱ።

ሚስቱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። የከተማዋን ሰፈር ሁሉ በእግሯ እየዞረች፣ በየአጥሩ «ቆጣሪ!» ብላ እየተጣራች፣ ጫፉ የታጠፈ የብረት መንጠቆዋን ይዛ የጉድጓዱን ክዳን እያነሳች ጎንበስ ብላ ታነባለች። ሰዉም እሷን ራሷን «ቆጣሪ» አላት፤ ታላላቆቹ «ቆጣሪዬ»፣ ታናናሾቹ «እትዬ ቆጣሪ»። እሷ ያልገባችበት ግቢ፣ ያልነከሳት ውሻ፣ ያልሰማችው የባልና ሚስት ጠብ አልነበረም። ማታ ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትከትና የዋለችበትን ለባሏ ታወራለታለች። እሱ ደግሞ ያንኑ በማግሥቱ ለእንግዶቹ ያከፋፍላል። ሲሉ ሰምቶ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ስለ ምግብ ቤት የራሷ ሕግ ነበራት። «በጠረኑ አትመን፤ ሽንኩርት ሲጠበስ የማይሸት ቤት የለም። በሰው ብዛትም አትመን፤ ሰው ሰውን ተከትሎ ነው የሚገባ። ቆጣሪውን እይ» ትላለች። ድስቱንና ሳህኑን የሚያጥብ ቤት ቆጣሪው ይሮጣል። ወንበሩ ሞልቶ ቆጣሪው የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን የትናንቱን ሹካ ነው ዛሬም የሚልሱት። በዚህ ሕግ ስንቱን ስመ ጥሩ ምግብ ቤት ጣለችው፣ ስንቷን ጠባብ ጓዳ አነሳቻት!

ካነሳቻቸው ሁሉ ሦስቱን እንደ ልጆቿ ትወዳቸው ነበር። አንደኛዋ ከልብስ ሰፊዎቹ ኋላ ባለችው ቀጭን መንገድ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የምትሠራት ሾርባ ቤት ናት። ሁለተኛው የአናጺው ግቢ ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ገዢ የሚጠብቁ ወንበሮች ተደርድረው፣ እንግዳ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ሲቀመጥባቸው አናጺው ደስ ይለዋል። ሦስተኛው የከተማዋ ውሃ ማጠራቀሚያ ያለበት ኮረብታ ነው። እዚያ መውጣት ክልክል ነው፤ ግን «ቆጣሪ ናት የላከችኝ» ላለ ሰው ዘበኛው በሩን ከፍቶ፣ ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ስትወድቅ ያሳየዋል።

ማታ ማታ ደግሞ የእሷ ተራ ነበር መስማት። «ሄደ? በላ? ምን አለ?» ትላለች፣ ባሏ ገና ኮቱን ሳያወልቅ። እንግዳው ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን በዳቦ ጠረገው ከተባለች፣ ራሷ የሠራችው ያህል ፊቷ ይበራል።

አንድ ቀን እንዲህ ስትሯሯጥ ክዳኑ የተሰረቀ የቆጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ሣር ሸፍኖት ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ቀጠሉት፣ ግን እንደነበረው አልሆነም። ከተማዋን በእግሯ የጨረሰች ሴት፣ ፎቅ ላይ ባለች ቤታቸው፣ የጎረቤት ግድግዳ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እሷም አልወረደችም።

ከሁሉ የከፋው ግን ምግብ መጥላቷ ነበር። ባሏ ያበስላል፣ ያቀርባል፤ እሷ ሳህኑን ታየውና ወደ መስኮቱ ትዞራለች። አንድ ነገር ብቻ አስተዋለ። ስለ እንግዶቹ ሲያወራላት እጇ ሳታውቀው ወደ ሳህኑ ይሄዳል። እንግዳው ዳቦውን ሲቆርስ እሷም ትቆርሳለች። ወሬው ሲያልቅ እጇ ይቆማል። ስለዚህ ጋሼ ይሻላል ወሬ ማስረዘም ተማረ።

አንድ ዓመት ያህል ያመጣላት ወሬ እውነት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ሾርባ ቤት የላከው እንግዳ ፊቱን ቋጥሮ ተመለሰና «የስልክ ጥገና ቤት ነው እኮ የላኩኝ» አለው። የሾርባ ቤቷ ሴትዮ ቤቱ ተሸጦባት ልጇ ዘንድ፣ ሌላ አገር ሄዳለች። ጋሼ ይሻላል መንገዱን ሁሉ «ዛሬ ማታ እነግራታለሁ» እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤት ሲገባ ግን ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥተው ሚስቱን አይተው ሄደው ኖሮ፣ እሷ ነጠላዋን እንደተከናነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዳሌው ሁለተኛ ቢቀደድም ለውጥ አያመጣም ብለዋት ነበር። እራቱን አቀረበ። አላየችውም። ብዙ ቆይታ፣ ለመጠየቅ ያህል ብቻ፣ «ሾርባው እንዴት ነበር አለ?» አለችው።

«ጨው በልክ ነው አለ» አላት።

እጇ ወደ ሳህኑ ሄደ።

ውሸት ብቻዋን አትኖርም፤ ዘመድ ትጠራለች። መንገድ ሲሰፋ የአናጺው ዛፍ ተቆረጠ፣ አናጺውም ወንበሮቹን ጭኖ ወጣ፤ በጋሼ ይሻላል ወሬ ግን ዛፉ ያን ዓመት ከወትሮው ይልቅ ለመለመ። የኮረብታው ዘበኛ ጡረታ ወጥቶ በምትኩ የመጣው ሰው ወፍ እንኳ አያስገባም፤ በወሬው ግን በሩ ክፍት ነው። የሚላክ ቦታ ሲያልቅበት ለእውነተኞቹ እንግዶች «ባለታክሲዎቹን ብትጠይቁ ይሻላል» ማለት ጀመረ፤ ለሚስቱ የሚሆኑትን እንግዶች ግን ከራሱ ማምረት ያዘ። ያ ሰው ፊት ማኘክ የሚያፍር ሰውዬ ወሬኛ ወጣው። ከሁሉ የተሳካለት አንድ ራሰ በራ ገመድ ሻጭ ነበር። ይህ ገመድ ሻጭ በየጊዜው ለንግድ ይመጣል፣ ሾርባ ይወዳል፣ ጥቅል ገመዱን ወንበር ላይ እንደ ሰው አስቀምጦ ይበላል፣ ሚስት አግብቶ አንድ ጊዜ ይዟት መጣ፣ ሚስትየው ሾርባውን ናቀችና ተጣሉ፣ ደግሞም ታረቁ። ቆጣሪዋ ሰውየውን ወደደችው። «ገመድ ሻጩ ሰሞኑን ጠፋ፤ ታሞ ይሆን?» እስከማለት ደረሰች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት ዓመት በሉ።

ከዚያ ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው በአውቶቡስ ጭና ዊልቸር ላከች። እናቷን በስልክ «እማዬ፣ ከዚያ መስኮት ተነሽልኝ!» አለቻት። እናት ዊልቸሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ጎማውን በጣቷ ገፋ አደረገችውና ለባሏ «እሁድ ታወጣኛለህ» አለችው። «መጀመሪያ ሾርባ ቤት። ከዚያ አናጺው ዘንድ። ሲመሽ ደግሞ ኮረብታው።»

ጋሼ ይሻላል ዞር ብሎ በሩን አየ። «ደረጃውስ?» አለ።

«በያጆቹ ምን ሊሠሩ ነው የተፈጠሩ? ብረት የሚሸከሙ እኔን ያቅታቸዋል?» ከፎቁ በታች ሁለት ወንድማማች በያጆች ይሠራሉ።

«ሰማዩም ጠቁሯል፤ ዝናብ ይመጣል።»

«ዝናብ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የኔ መሥሪያ ቤት ነው። ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ደስ አላለህም?»

«ኧረ ደስ ብሎኛል!» አለ፣ ድምፁ ግን ከጉሮሮው ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀና ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሾርባ ቤት ፈልጎ፣ ባለቤቲቱን ለምኖ፣ ከድሮው የሚመሳሰል ነገር አዘጋጅቶ መጠበቅ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ታጠፈ። ሁለተኛውን ታጠፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የት እንዳለ ጠፋው። መኖሪያው በሆነች ከተማ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ እንደ እንግዳ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ባለታክሲ አስቁሞ «ወንድሜ፣ ጥሩ ሾርባ የት ይገኛል?» አለው።

ባለታክሲው ራሱን አከከ። «ለሱ እንኳ እኔን ከምትጠይቅ፣ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት አንድ ሆቴል አለ። ሪሴፕሽኑ ላይ ጋሼ ይሻላል የሚባል ሰው ታገኛለህ። ይቺን ከተማ እንደ መዳፉ ነው የሚያውቃት» አለና እየነዳ ሄደ።

ጋሼ ይሻላል መሳቅም ማልቀስም አማረው። ሰው እየጠየቀ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ቀን ማታ ስለ ገመድ ሻጩ አላወራም። ሚስቱ ግን ሳትበላ በደስታ ጠግባ፣ የነገ ልብሷን ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ሻርፕ ስትመርጥ አመሸች። ሻርፑን ስትመርጥ አያት። ተነስቶ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደም ብላ «መንጠቆዬ የት ነው ያለው? አልጋው ሥር እይልኝ» አለችው። ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አወጣላት። አቧራውን በሻርፑ ጫፍ ወልውላ እራስጌዋ አኖረችው።

እሁድ በያጆቹ መጡ። «እትዬ ቆጣሪ፣ ሠርግሽ ነው እንዴ?» አላት ታላቅየው፣ አለባበሷን አይቶ። አንዱ ወንበሩን፣ አንዱ እሷን ታቅፈው አወረዷት። መንገዱ ላይ ስትደርስ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ መንጠቆዋን ጭኗ ላይ አጋድማ «ግፋ!» አለች።

ጋሼ ይሻላል ገፋ። በቀስታ፣ ደረጃ የሚወጣ ሕፃን ያህል በቀስታ ገፋ። እሷ ግን አልቸኮለችም። እያንዳንዱ አጥር ወሬ ነበረው። «የዚህ ቤት ቆጣሪ መስተዋቱ ስንጥቅ ነው። እዚህ ያለችው ሴትዮ ውሃ ስትቆጥብ አበቦቿን በእቃ አጠባ ታጠጣለች። ይሄ ውሻ አልሞተም? ና አንተ ሌባ፣ ሱሪዬን የቀደድከው!» ውሻው መጥቶ እጇን ላሰ። አንዲት ሴት ከመስኮት ብቅ ብላ «ቆጣሪ! ቆጣሪዬ ናት!» ብላ ጮኸች። ሚስቱ ከመውደቋ በፊት የነበራትን ሳቅ ሳቀች። ጋሼ ይሻላል ይህን ሳቅ ሦስት ዓመት በውሸት ሲፈልገው ነበር፤ እሱ ግን ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ውሻና ከአንዲት ጎረቤት ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ደረሱ። ቀጭኗ መንገድ በስተቀኝ ናት።

«ታጠፍ» አለች።

አልታጠፈም። ፍሬኑን ያዘ፣ ዞሮ ከፊቷ መጣና ተንበረከከ። «ሾርባ ቤቱ የለም» አላት።

«ተዘግቷል? እሁድ አይደል፣ ረስቼው...»

«የለም። የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሴትዮዋ ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ቆይቷል።» አንዴ የተከፈተ አፍ ነውና ዝም ብሎ ቀጠለ። «የአናጺው ዛፍም ተቆርጧል። ኮረብታውም አያስወጡም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

መንጠቆዋን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ገመድ ሻጩስ?» አለች።

«እሱም የለም።»

«ሞተ?»

«አልነበረም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ራሰ በራ ነበር እኮ!» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሾርባ ቤቱን ስትሰማ ያላለቀሰች ሴት ለገመድ ሻጩ አለቀሰች። «ከሚስቱ ጋር አስታርቄው! ‹ይቅር በላት በለው› ብዬ ልኬብህ!»

«አድርሼ ነበር» አለ።

እንባዋን በሻርፏ ጠረገች። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ ጋሼ ይሻላል ሲመጣ አየው። «ስማ» አለች። «ሰው የሚዋሸው ለሕፃንና ለሚሞት ሰው ነው። እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«የምትሞቺ መስሎኝ ነበር» አለ።

ይህን ለማንም፣ ለራሱም ቢሆን ተናግሮት አያውቅም። «አትበይም ነበር። የማቀርብልሽን ሁሉ አይተሽ ወደ ግድግዳው ትዞሪያለሽ። እንግዳው ሲበላ ግን አንቺም ትበያለሽ። እሱ አንድ ጉርሻ፣ አንቺ አንድ ጉርሻ። ቤቱ ተዘጋ ብዬ ብነግርሽ እንግዳው መብላት ያቆማል፤ አንቺም... ፈራሁ። ገመድ ሻጩን ሆዳም ያደረግሁት እንድትጠግቢ ብዬ ነው።»

አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር፤ ቆጣሪዋ ቀና ብላ ስታየው ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ። እሷ ተንበርክኮ ያለውን ባሏን ብዙ አየችው። ሽበቱ ከመቼው እንዲህ ሆነ? የኮቱ አንገት አልቋል። እሷ በመስኮቱ ግድግዳ ስታይ ይህ ሰው ሥራ ውሎ፣ አብስሎ፣ ደግሞ አንድ ሙሉ ከተማ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሲገባ ኖሯል።

«ዛፉ ሲቆረጥ አዘንክ?» አለችው።

«በጣም። አይቼው የማላውቅ ዛፍ ነው፣ ግን በጣም አዘንኩ።»

«ብቻህን?»

«ለማን ልንገር?»

«እኔ ምንህ ነኝ ታዲያ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ባርኔጣውን አስተካከለችለት። «ቅር ብሎኛል፤ በአንድ ቀን የሚወጣልኝም አይምሰልህ። የዛፌን ሞት ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀህኛል። ተነስ አሁን፣ ጉልበትህን መሬት ይበላዋል። ግፋ።»

«ወዴት? የሚኬድበት እኮ የለም።»

«ሕዝቡ ታዲያ ምን እየበላ ነው? አየር? ግፋ አልኩህ!»

በስልክ ጥገና ቤቱ በር አለፉ። ቆም አድርጋው መስተዋቱን፣ የተደረደሩትን ስልኮች አየች። «የበሩን ቀለም እንኳ አልቀየሩም» አለች። በመንገዱ መጨረሻ፣ ጋሼ ይሻላል እንኳን በእግሩ በወሬም ደርሶበት በማያውቅ ጥግ፣ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። በሯ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ ውስጧ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ከጓዳዋ የሚወጣ እንፋሎት። ስሟ አልተጻፈባትም። ከበሯ አጠገብ ደግሞ፣ መሬት ላይ፣ የብረት ክዳን አለ።

ቆጣሪዋ መንጠቆውን አቀበለችው። «ክፈተው።»

«እኔ?»

«ኧረ ገመድ ሻጩ!»

ጋሼ ይሻላል ዳግመኛ ተንበረከከ። መንጠቆውን አንዴ አሳተ፣ ሁለተኛ አሳተ፣ «ወደ ግራ አዙረህ፣ አሁን ሳብ» ስትለው ክዳኑ ተነሳ። አንገቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው። ከታች፣ ጭቃ በተረጨ መስተዋት ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መዘውር ነበረች። ያቺን መዘውር ዕድሜውን ሙሉ ሲወራላት ሰምቷል፤ ሲያያት ግን የመጀመሪያው ነው።

«እህስ?» አለች ከላይ።

«ይሮጣል» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ «ይሮጣል እኮ! ኧረ እንደ ጉድ ነው የሚሮጠው!»

መጋረጃው ተገለጠና አንዲት እጇ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሴት ወጣች። ዊልቸር ላይ የተቀመጠችውን ሴትና መሬት ላይ የተደፋውን ባለኮት ሰውዬ አየቻቸው። «ምን ሆናችሁ ነው? ቆጣሪው እኮ ሰሞኑን ተነቧል» አለች።

«ልናነብ አይደለም» አለች ቆጣሪዋ። «ልንበላ ነው።»

ሴትዮዋ አንዱን ወንበር አንስታ ለዊልቸሩ ቦታ ለቀቀች። የምስር ሾርባ ነበር፤ ዳቦው ትኩስ ነው። ጋሼ ይሻላል የመጣለትን ሳህን ዙሪያውን ያሉትን ሰዎች በፍርሃት እያየ ተቀበለ። ሰው ፊት ማኘክ! ጆሮው ቀላ። ሚስቱ ማንኪያዋን አልነካችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ማታ ማታ ከመስኮቱ አጠገብ እንደምትጠብቀው ሆና ትጠብቀዋለች። ሌላ ማምለጫ እንደሌለው ገባው። ማንኪያውን አጠለቀ፣ አንዴ እፍ አለበት፣ ዋጠው።

«በላ?» አለች።

«በላ።»

«ምን አለ?»

ጨው በልክ ነው። ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሦስት ዓመት የሰለጠነች ቃል ናት። የሚስቱን ዓይን አየ፤ ከዚያ የቤቱን ባለቤት በስርቆሽ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

ቆጣሪዋ ማንኪያዋን አንስታ ቀመሰች። ለረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ አቆየችው። «እውነትህን ነው፤ በዝቶበታል» አለች፣ ፊቷም የሾርባው ባለቤት እሷ የሆነች ያህል በራ። «ለነገው እንግዳ እንዲህ በለው፤ ቤቷ ንጹሕ ናት፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ ጨው ግን ቀንሱልኝ ማለት ይሻላል።»

ከዚያ ዳቦውን ቆረሰች። ጋሼ ይሻላል ማንኪያውን እንደያዘ ያያታል። ማንም ምንም ሳያወራላት ሳህኑን ጨረሰች።